ሕዝቡ ተከፋፍሏል፤ ጭነቱ ግን አልቆመም

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኖቬምበር 20 ቀን 2024 በአሜሪካ ሁለት ከተሞች ሁለት የድምፅ ቆጠራዎች ተካሂደዋል። በኒው ዮርክ ከአሥራ አምስቱ የጸጥታው ምክር ቤት አባላት አሥራ አራቱ በጋዛ ያለ ቅድመ ሁኔታ ተኩስ እንዲቆምና ታጋቾችም እንዲለቀቁ የሚጠይቀውን የውሳኔ ረቂቅ ደገፉ። የአሜሪካ መንግሥት ግን ረቂቁ የተኩሱን መቆም ከታጋቾቹ መለቀቅ ጋር አላቆራኘም የሚል ምክንያት አቅርቦ፣ ድምፅን በድምፅ በመሻር መብቱ ብቻውን ውድቅ አደረገው። በዚያው ዕለት በዋሽንግተን የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት፣ ሴናተር በርኒ ሳንደርስ ባቀረቡትና የታንክ ጥይት ለእስራኤል እንዳይሸጥ በሚጠይቀው ረቂቅ ላይ ድምፅ ሰጠ። የደገፉት 18፣ የተቃወሙት 79 ነበሩ።

በእነዚያ ወራት የአሜሪካ ሕዝብ በእስራኤልና በፍልስጥኤም ጉዳይ ከምንጊዜውም ይልቅ መከፋፈሉ በሰፊው ይነገር ነበር። የተባለውም እውነት ነው። ይሁን እንጂ ክፍፍል መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ ክፍፍሉ የመንግሥቱን አቋም መለወጡ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የአንድን ኃያል መንግሥት ፖሊሲ በአደባባይ ከሚሰማው ጩኸት ብቻ የሚለካ ሰው መሳሳቱ አይቀሬ ነው። ትክክለኛው መለኪያ በምክር ቤት የሚሰጠው ድምፅና ከወደብ የሚነሣው ጭነት ነው። ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን ከዚህ አንፃር ለመመርመር ይሞክራል።

በቅድሚያ ታሪኩን እንመልከት። በጉዳዩ ላይ በዋሽንግተን ልዩነት መፈጠሩ ትናንት የተጀመረ ነገር አይደለም። በሜይ 1948 ፕሬዚዳንት ትሩማን ለእስራኤል መንግሥት እውቅና የሰጡት መንግሥቱ በታወጀ በአሥራ አንድ ደቂቃ ውስጥ ሲሆን፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸው ጆርጅ ማርሻል ግን እርምጃውን አጥብቀው ተቃውመው ነበር። ከስዊዝ ጦርነት በኋላ በ1957 መጀመሪያ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር እስራኤል ከሲና በረሃ ካልወጣች ማዕቀብ ሊከተል እንደሚችል ሲያስጠነቅቁ፣ የሁለቱም ፓርቲዎች መሪዎች በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ተቃወሟቸው። ፕሬዚዳንቱ ግን አቋማቸውን አልለወጡም፤ የእስራኤል ጦርም በዚያው ዓመት በማርች ወር ከሲና ወጣ። በ1981 ፕሬዚዳንት ሬገን የቅኝት አውሮፕላኖችን ለሳውዲ ዓረቢያ ለመሸጥ ባሰቡ ጊዜ የእስራኤል ደጋፊዎች ማኅበራት ባላቸው ኃይል ሁሉ ታገሏቸው፤ ሽያጩ ግን በ52 ድምፅ በ48 ላይ አለፈ። በ1991 ደግሞ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ እስራኤል የጠየቀችውን የአሥር ቢሊዮን ዶላር የብድር ዋስትና ከሰፈራ መንደሮች ግንባታ ጋር አያይዘው አዘገዩት።

ከእነዚህ ሁኔታዎች የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የራሱ ጥቅም ይህን ይጠይቃል ብሎ ባመነ ጊዜ እስራኤልን ለመግፋት አቅም አጥቶ አያውቅም። እንግዲህ አሜሪካንን በሞላ አንድ ማኅበር ወይም አንድ ሕዝብ ከጀርባ ሆኖ ይመራታል የሚለው አባባል በታሪክ ፊት የሚቆም አይደለም። ከዚህም በላይ አባባሉ አደገኛ ነው፤ ለአንድ መንግሥት ድርጊት በየአገሩ የሚኖሩትን አይሁዳውያን ተጠያቂ ወደሚያደርገው አሮጌ ጥላቻ ያንሸራትታል። ኦክቶበር 18 ቀን 2023 በዋሽንግተን የምክር ቤት ሕንፃ ውስጥ ተቀምጠው የተኩስ ማቆም ሲጠይቁ ከታሠሩት ሦስት መቶ ያህል ሰዎች አብዛኞቹ አሜሪካውያን አይሁድ እንደነበሩ መዘንጋት አይገባም።

ታዲያ ዛሬ የምናየው ክፍፍል ከቀድሞው በምን ይለያል? የቀድሞው ልዩነት በመሪዎች መካከል ነበር። የዛሬው ልዩነት በመሪዎችና በሚመሯቸው መካከል ነው። ጋለፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት መመርመሪያ ድርጅት በ2023 መጀመሪያ፣ ጦርነቱ ከመፈንዳቱ በፊት፣ ከዴሞክራቲክ ፓርቲ ደጋፊዎች 49 በመቶው ለፍልስጥኤማውያን፣ 38 በመቶው ደግሞ ለእስራኤላውያን የበለጠ እንደሚያዝኑ መዝግቧል። በድርጅቱ መዝገብ እንዲህ ያለ ውጤት ሲታይ ያ የመጀመሪያው ነበር። ለዚህም ቀደም ሲል የተጠራቀሙ ምክንያቶች አሉ። በማርች 2015 የእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ኔታንያሁ በሪፑብሊካኖች ጋባዥነት ወደ ኮንግረስ መጥተው የፕሬዚዳንት ኦባማን የኢራን ድርድር መንቀፋቸው፣ እንዲሁም ፕሬዚዳንት ትራምፕ በ2017 ኢየሩሳሌምን በዋና ከተማነት፣ በ2019 ደግሞ በጎላን ኮረብታዎች ላይ የእስራኤልን ሉዓላዊነት ማወቃቸው፣ ጉዳዩን የአንድ ፓርቲ ዓርማ አስመስሎታል።

ከዚያ በኋላ ኦክቶበር 7 ቀን 2023 መጣ። ሐማስና ግብረ አበሮቹ ወደ እስራኤል ዘልቀው 1,200 ያህል ሰዎችን ገደሉ፤ 250 ያህሉንም አግተው ወሰዱ። ይህ ወንጀል ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ተከትሎ በመጣው ጦርነት ደግሞ በጋዛ የሞቱት ሰዎች ቁጥር በኦክቶበር 2025 ከ67,000 በላይ መድረሱን የጋዛ ጤና ሚኒስቴር መዝግቧል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። ይህን ሁሉ የአሜሪካ ወጣት ትውልድ በየዕለቱ በእጅ ስልኩ ተመልክቶታል። በጁላይ 2025 ጋለፕ ባደረገው ጥናት የእስራኤልን ወታደራዊ ዘመቻ የደገፉት አሜሪካውያን 32 በመቶ ሲሆኑ፣ የተቃወሙት 60 በመቶ ነበሩ። ከሪፑብሊካኖች 71 በመቶው ሲደግፉት፣ ከዴሞክራቶች የደገፉት 8 በመቶ ብቻ ነበሩ።

እዚህ ላይ የዴሞክራቲክ ፓርቲን ውስጣዊ ቅራኔ ማየት ያስፈልጋል። በፌብሩዋሪ 2024 በሚሺጋን ግዛት ከ100,000 የሚበልጡ የፓርቲው መራጮች ለፕሬዚዳንት ባይደን ድምፃቸውን ከመስጠት ይልቅ “ያልወሰነ” የሚለውን መርጠው ተቃውሟቸውን ገለጹ። ከሁለት ወር በኋላ፣ በኤፕሪል 20፣ የሕግ መምሪያው ምክር ቤት ለእስራኤል ጉዳይ 26 ቢሊዮን ዶላር ያህል የሚመድበውን ሕግ በ366 ድምፅ በ58 ላይ አጸደቀ። ከተቃወሙት ዴሞክራቶች 37 ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት በኦገስት በቺካጎ በተደረገው የፓርቲው ጉባኤ የአንድ ታጋች ወላጆች መድረክ ተሰጥቷቸው ስለ ልጃቸው ተናገሩ። ይህም ተገቢ ነበር። ነገር ግን አንድ የፍልስጥኤም ተወላጅ አሜሪካዊ ለጥቂት ደቂቃ እንዲናገር የቀረበው ጥያቄ ተቀባይነት አላገኘም። ስለ ፍልስጥኤማውያን ብዙ ተባለ፤ ከዚያ መድረክ ላይ ግን ራሳቸው አልተናገሩም።

በሪፑብሊካኖች ዘንድም ሰላም የለም። የፓርቲው ትልቁ ምሰሶ የእስራኤልን መመሥረት እንደ መጽሐፍ ቅዱስ ትንቢት ፍጻሜ የሚያዩት ወንጌላውያን ክርስቲያኖች ናቸው። ዳሩ ግን “አሜሪካ ትቅደም” የሚለውን መፈክር ቃል በቃል የያዙት ወገኖች፣ የአሜሪካ ገንዘብ ስለምን ለሌላ አገር ጦርነት ይውላል ማለት ጀምረዋል። በጁን 2025 የአሜሪካ አውሮፕላኖች የኢራንን የኑክሊየር ተቋማት በደበደቡበት ጊዜ ይህ ጠብ አደባባይ ወጣ። በተከታዩ ወር በወቅቱ የምክር ቤት አባል የነበሩት ማርጆሪ ቴይለር ግሪን በጋዛ የሚደረገውን የዘር ማጥፋት ብለው ጠሩት፤ ከሪፑብሊካን የምክር ቤት አባላትም የመጀመሪያዋ ሆኑ። ይሁንና በዚያው ወር ለእስራኤል የሚሳኤል መከላከያ የተመደበው 500 ሚሊዮን ዶላር እንዲሰረዝ ያቀረቡት ማሻሻያ ያገኘው 6 ድምፅ ብቻ ሲሆን፣ 422 አባላት ተቃውመውታል። ደግሞም በዚህ ወገን ከሚሰማው ተቃውሞ ውስጥ ከፊሉ ለፍልስጥኤማውያን ከማዘን የመነጨ አይደለም፤ ወጪን ከመጥላት፣ አልፎ አልፎም አይሁዳውያንን ከመጥላት የመነጨ ነው። የጋራ ተቃውሞ የጋራ ዓላማ ማለት እንዳልሆነ ማስተዋል ይገባል።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፤ ከሕዝቡ የሚበዛው ክፍል የተቃወመው ነገር በምን ምክንያት ሳይቋረጥ ይቀጥላል? መልሱ በተጨባጭ አሠራር ውስጥ ይገኛል።

አንደኛ፣ እርዳታው በየዓመቱ ስሜት የሚወሰን አይደለም። በ2016 በኦባማ መንግሥት ዘመን የተፈረመው ስምምነት ከ2019 እስከ 2028 ባሉት አሥር ዓመታት 38 ቢሊዮን ዶላር እንዲሰጥ ይደነግጋል። ሁለተኛ፣ ገንዘቡ በአመዛኙ ከአሜሪካ አይወጣም። ቀደም ሲል እስራኤል ከወታደራዊ እርዳታው ሩብ ያህሉን በአገሯ ፋብሪካዎች እንድታውል ይፈቀድላት የነበረው፣ በዚህ ስምምነት ደረጃ በደረጃ እንዲቀር ተደርጓል። ስለዚህም እርዳታው ለአሜሪካ የጦር መሣሪያ አምራች ኩባንያዎች የተረጋገጠ ገበያ ነው፤ ፋብሪካ ያለበት ወረዳ ተወካይም ድምፁን ሲሰጥ ይህን ያስባል። ሦስተኛ፣ የምርጫ ገንዘብ አለ። በጁን 2024 ጦርነቱን አጥብቀው የተቃወሙት የኒው ዮርኩ ጀማል ቦውማን በፓርቲው የእጩ ምርጫ እንዲሸነፉ፣ ኤይፓክ የተባለው የእስራኤል ደጋፊዎች ድርጅት የምርጫ ክንፍ ወደ 15 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ አውጥቷል። ሽንፈቱ ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩት፤ ማስጠንቀቂያው ግን በምክር ቤቱ ለተቀመጠ ሁሉ ደርሷል።

አራተኛውና ምናልባትም ትልቁ ምክንያት የሕግ ጉዳይ ነው። የ1976ቱ የጦር መሣሪያ ሽያጭ መቆጣጠሪያ ሕግ መሣሪያው ለሕጋዊ ራስን መከላከልና ለውስጥ ጸጥታ እንዲውል ያዛል። በሴናተር ሊሂ ስም የሚጠራው ሕግ ደግሞ ከባድ የሰብዓዊ መብት ጥሰት ለፈጸመ የጦር ክፍል እርዳታ እንዳይሰጥ ይከለክላል። ሕጎቹ ተጽፈዋል፤ የሚያስፈጽማቸው ግን ሻጩ መንግሥት ራሱ ነው። ኮንግረስ ሽያጭን በልዩ ውሳኔ ለማገድ መብት ቢኖረውም፣ በዚህ መንገድ አንድም ሽያጭ አስቁሞ አያውቅም፤ ፕሬዚዳንቱ ውሳኔውን ከሻረው በሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋልና።

በዚህ ጊዜ የሚነሣ ክርክር አለ፤ እርሱንም ማለፍ አይገባም። እስራኤል በዙሪያዋ ሊያጠፏት በሚዝቱ ኃይሎች የተከበበች አገር ናት፤ የሚሳኤል መከላከያዋ በሺህ የሚቆጠሩ ሰላማዊ ሰዎችን አድኗል ይባላል። እውነት ነው። የእስራኤል ሕፃን ከሮኬት የመዳን መብት አለው። ነገር ግን በከተማ ላይ የሚመጣን ሮኬት የሚያከሽፍ መሣሪያና ሰው በተጨናነቀበት ከተማ ላይ የሚጣል የ2,000 ፓውንድ ቦምብ አንድ አይደሉም። ይህን ልዩነት የባይደን መንግሥት ራሱ አውቆታል፤ በሜይ 2024 የእነዚህን ቦምቦች አንድ ጭነት አግዶ ነበርና። የታገደው ጭነት በጃንዋሪ 2025 በፕሬዚዳንት ትራምፕ ትእዛዝ ተለቀቀ። አሜሪካ ማገድ እንደምትችል ታየ፤ ማገድ አለመፈለጓም እንዲሁ ታየ።

በኦክቶበር 2025 የሆነው ይህንኑ ያረጋግጣል። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በሁለቱም ወገን ላይ ግፊት ባደረጉ ጊዜ ኦክቶበር 10 ቀን የተኩስ ማቆም ስምምነቱ ጸና፤ ከሦስት ቀን በኋላም በሕይወት የተረፉት ሃያ ታጋቾች ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ከስምምነቱ በኋላም የሰው መሞት ፈጽሞ አልቀረም። ሆኖም ያን ቀን ደስ ያለው ሁሉ አንድ ጥያቄ ራሱን መጠየቅ አለበት፤ በኦክቶበር 2025 የተቻለው ግፊት በ2024 ለምን አልተቻለም? በመካከሉ የሞቱት ታጋቾችና በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት የጋዛ ሰዎች የዚህ መዘግየት ዋጋ ናቸው።

ይህ ማለት የአሜሪካ ሕዝብ ክፍፍል ከንቱ ነው ማለት አይደለም። የሳንደርስን ረቂቆች በኖቬምበር 2024 ከ17 እስከ 19 ሴናተሮች ደገፏቸው፤ በኤፕሪል 2025 ደጋፊዎቹ ወደ 15 ወረዱ፤ በጁላይ 2025 ግን የጦር ጠመንጃ ሽያጭን ለማገድ የቀረበውን 27 ሴናተሮች ደገፉ። ይህም ከዴሞክራቶቹ ወገን ካሉት 47 ሴናተሮች ከግማሽ በላይ ነው። ከሪፑብሊካኖች አንድም አልነበረበትም። አደባባይ የተጀመረው ነገር ቀስ በቀስ ወደ ምክር ቤት እየገባ መሆኑን ቁጥሩ ይመሰክራል። እርምጃው ግን የምርጫ ዘመንን ተከትሎ የሚሄድ ነው፤ ሞት ደግሞ የምርጫ ዘመን አይጠብቅም።

የ2016ቱ ስምምነት ዘመን በ2028 ያበቃል። ተተኪ ስምምነት ሲቀርብ፣ ገንዘቡ ያለ ቅድመ ሁኔታ ይታደስ ወይስ አሜሪካ ራሷ የጻፈቻቸው ሕጎች ይፈጸሙ የሚለው ጥያቄ አብሮ ይቀርባል። የክፍፍሉ እውነተኛ ክብደት የሚመዘነው በዚያ ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ ዋሽንግተንን የሚከታተል አንባቢ ንግግሩን ይስማ፤ ሰልፉንም ይመልከት፤ ነገር ግን ድምፁን ይቁጠር። በጋዛ የተገደለውን ሰው ወይም በሐማስ ዋሻ ውስጥ ያለቀውን ታጋች የአሜሪካ ሕዝብ ተከፋፍሎለት እንደነበረ መናገር አያስነሣውም። ሊያተርፈው ይችል የነበረው በጊዜው የተሰጠ ድምፅ ብቻ ነበር።