ለዒድ የማይቀጠር ቁስል

«ከዒድ በኋላ እታከመዋለሁ።» በውዱእ ቦታ እግራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው የምናያቸው ስኳር ያለባቸው አባቶች እንዲህ ይሉናል። አንስማማም።

ስኳር ነርቭን ስለሚያደነዝዝ ቁስሉ ላያም ይችላል፤ ቀላል ይመስላል። ደም በደንብ የማይደርሰው ቁስል ግን ፋሻው በየቀኑ ቢቀየርም በቀላሉ አይሽርም፤ እግር እስከማስቆረጥም ይደርሳል።

አንዳንዶች ምርመራውን የሚሸሹት ፆማቸው እንዳይፈርስ ሰግተው ነው። ዶፕለር የሚባለው አልትራሳውንድ መርፌም ምላጭም የለውም። ቆዳው ላይ ቅባት ተደርጎ መሣሪያው ይንሸራተታል፤ በድምፅ ሞገድ ደሙ የት ድረስ እንደሚወርድ፣ የት እንደጠበበ በስክሪን ያሳያል። ወደ ሆድ የሚገባ ነገር ስለሌለ ፆም አያፈርስም። (ሐኪሙ «አይፁሙ» ካለም ቁርኣን ለሕመምተኛ ፈቅዷል፤ ፈቃዱን መቀበል ጉድለት አይደለም።)

በቁርጭምጭሚት ላይ የሚለካው የደም ግፊት ብቻውን ሊያታልል ይችላል። ስኳር የደም ስርን ስለሚያደድር ቁጥሩ ደህና ይመስላል።

ውሃ ቁስሉን የሚጎዳ ከሆነ ዑለሞች በፋሻው ላይ ማበስን ፈቅደዋል፤ ዝርዝሩን የመስጂዳችሁን ኢማም ጠይቁ። ልጆች ሆይ፣ ዛሬ ከኢፍጣር በፊት የአባታችሁን እግር፣ የጣቶቹን መሐል ሳይቀር ተመልከቱ። ቁስል ካለ ነገ ጠዋት ወደ ሐኪም ውሰዷቸው፤ «የእግራቸው የደም ፍሰት ታይቷል ወይ?» ብላችሁም ጠይቁ።