ገና የሥራ ቀን ሲሆን

የዛሬው ጉዳይ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ከአገር ውጭ ያለበትን ቤት ሁሉ ይመለከታል። የምጀምረው ግን ወደ እኛ ከመጡት ነው። እነሱን ያየ፣ የሄዱብንን ልጆች ኑሮ ይረዳል።

ከባሕር ማዶ መጥተው ልጆቻችንን እንግሊዝኛ ያስተማሩ ሰዎች ታሪክ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 የአሜሪካ የሰላም ጓድ የመጀመሪያዎቹ በጎ ፈቃደኞች ወደ ኢትዮጵያ ሲገቡ ቁጥራቸው ወደ 280 ይጠጋ ነበር። አብዛኞቹ መምህራን ነበሩ። ባልና ሚስት ሆነው የመጡም ነበሩባቸው። ዋሽንግተን በሚገኘው ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ጥቂት አማርኛ ተምረው መጡና በየጠቅላይ ግዛቱ ተበተኑ። ወሊሶ ላይ ያስተምር የነበረው ፖል ሶንጋስ ኋላ አገሩ ተመልሶ ሴናተር ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1992ም ለፕሬዚዳንትነት ዕጩ ለመሆን ተወዳደረ። በእኔ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ተሰብስበው የትምህርት ቤት ዘመናቸውን ሲያወሩ፣ የአንድ የሰላም ጓድ መምህር ስም ሳይነሣ አይቀርም።

ከእነሱ ቀድመው የመጡና ከሁለት ዓመት አገልግሎት ያለፈ ዕድሜ የቆዩም አሉ። ዳንኤል ሳንፎርድና ባለቤታቸው ክርስቲን ከእንግሊዝ መጥተው ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ሙሉ በሚባለው ስፍራ እርሻ ይዘው ልጆቻቸውን ያሳደጉ ናቸው። ባልየው የአንግሊካን ቄስ ልጅ ነበሩ። ጣሊያን ሲገባ ከአገር ወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1940 ደግሞ ከአርበኞች ጎን ለመቆም በጎጃም በኩል ተመልሰው ገቡ። ከነጻነት በኋላ ወይዘሮ ክርስቲን በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ያ ትምህርት ቤት ዛሬም በቤተሰቡ ስም ሳንፎርድ ይባላል።

ስለነዚህ ሰዎች ስናወራ ያስተማሩትን እንጂ ትተውት የመጡትን አናነሣም። አንዲት ወጣት ሚስት ከባሏ ጋር ደሴ ወይም ጎንደር ስትመደብ፣ እናቷ አሜሪካ ውስጥ የፖስታ ሳጥን እየከፈተች ትጠብቅ ነበር። ደብዳቤ ደርሶ መልስ እስኪመለስ ሳምንታት ይነጉዳሉ። አባት ቢታመም ወሬው የሚደርሰው ወይ ከዳነ ወይ ካረፈ በኋላ ነው። ለእኛ ልጆች እንግሊዝኛ የተከፈለው ዋጋ ደመወዝ ብቻ አልነበረም።

ላሊበላ በጤና ጣቢያ ስሠራ፣ በ2002 ዓ.ም. ግድም፣ በሰፈራችን አንድ የካናዳ ባልና ሚስት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ሁለቱም እንግሊዝኛ አስተማሪዎች፣ በሃይማኖታቸውም የጸኑ ክርስቲያኖች ነበሩ። እሱ ሁለተኛ ደረጃ፣ እሷ አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች። የእነሱ ገና የሚውለው በእኛ ታኅሣሥ 16 ነው። ያን ዓመት ቀኑ የሥራ ቀን ስለነበር ሁለቱም ጠመኔያቸውን ይዘው ገቡ፣ አስተምረው ወጡ። ማንም እንኳን አደረሳችሁ አላላቸውም፤ ማንም አላወቀምና።

የቤቱ ባለቤት አሮጊት ግን ማታ ሰሙ። ወቅቱ የነቢያት ጾም ስለሆነ ዶሮ ማረድ የለም። ሽሮ አፈሉ፣ ጎመን ቀቀሉ፣ ፋንዲሻ ፈንድቶ ቡና ተፈላ፤ እኛ ጎረቤቶችም ተጠራን። ልጅቷ ሽሮውን እየጎረሰች አለቀሰች። አሮጊቷ ምን እንዳስለቀሳት አልጠየቁም። ፊቷን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላትና «እናትሽ ባትኖር እኔ አለሁ አይደል?» አሏት። ከ13 ቀን በኋላ በእኛ ገና ሁለቱም የሐበሻ ልብስ ለብሰው ከአሮጊቷ ጋር ወደ ቤተ ማርያም ሄዱ። ካህናቱ በአለቱ አፋፍ ላይ ተሰልፈው ቤዛ ኩሉ ሲያዜሙ ከሕዝቡ መካከል ቆመው ሰሙ። ዶሮውንም ከዚያ በኋላ በሉ። የመጡት ለሁለት ዓመት ነበር፤ ሦስት ዓመት ቆዩ። የሦስተኛው ዓመት ምክንያት ደመወዝ እንዳልነበር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

አሁን ወደ ራሴ ቤት ልምጣ። ልጄና ባሏ ሁለቱም የእንግሊዝኛ መምህራን ናቸው። በ2011 ዓ.ም. ሶማሌላንድ፣ ሐርጌሳ ከተማ፣ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ሥራ አግኝተው ሄዱ። ከአገራችን ወደዚያ የሄዱ መምህራን ብዙ ናቸው። መንገዱ በጅግጅጋ አድርጎ በቶጎ ውጫሌ ይሻገራል፤ ከላሊበላ ለተነሣ ሰው ግን ቀናት ይፈጃል። እኔም ለስንቅ ዳቦ ቆሎና በሶ፣ ድርቆሽም፣ በርበሬም አስይዤ ሸኘኋቸው።

እዚያ የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብ ነው። እሑድ ጠዋት እኛ ከቅዳሴ ስንወጣ ልጄ ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች። ገናም ጥምቀትም ፋሲካም የሥራ ቀን ሆነው ያልፋሉ። በመጀመሪያው ዓመት ገና ደውላ «እማዬ፣ ዛሬ ስድስት ክፍለ ጊዜ አስተማርኩ» ስትለኝ፣ ያቺ የካናዳ ልጅ ሽሮ ይዛ ስታለቅስ ትዝ አለችኝ። የዚያ ቀን ልቅሶ የማን እንደነበረ የገባኝ አሁን የእኔ ሲሆን ነው።

በሁለተኛው ዓመት ግን ነገሩ ተለወጠ። ጎረቤታቸው የሆኑ ሶማሌ እናት በዓላቸው መሆኑን ከልጄ ሰሙና ጠዋት በር አንኳኩ። የያዙት ላሖሕ ነበር፤ እንጀራ የመሰለ የእነሱ ቂጣ ነው። ወተት የገባበት ሻይም በፔርሙስ ይዘዋል። ልጄ ደግሞ በዒድ ድፎ ዳቦ ጋግራ ላከችላቸው። ሙስሊም ጎረቤቷ ለክርስቲያኗ፣ ክርስቲያኗ ለሙስሊሟ። ወሎ ያደገ ሰው ይህ አይገርመው፤ እኛ ቤት የኖረ ወግ ነው። ልጄም ያወቀችውን ወግ ሰው አገር ስታገኘው ልቧ ረጋ።

ፈተናው የመጣው በሌላ በኩል ነው። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ መብራትም ስልክም ጠፋ። እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ ስትገባ ቆየች። እኔ ከጎረቤቶቼ ጋር ያለንን እየተካፈልን ከረምን። የከፋው ግን ልጄ ላይ ነበር። በሕይወት መኖሬን ሳታውቅ በየቀኑ ክፍል ገብታ ታስተምራለች። ኋላ እንደነገረችኝ እንቅልፍ አጣች፣ ምግብ ዘጋት፣ ልጆቹ ፊት ቆማ የጀመረችውን ዐረፍተ ነገር ትረሳለች። አማቼ ሥራ አስለቅቆ ሊመልሳት ሲል፣ እኚያው ሶማሌ ጎረቤት «መንገዱ ሳይከፈት ወዴት ትሄጃለሽ? እዚህ እናት አለሽ» ብለው ማታ ማታ እየመጡ አብረዋት ያመሹ ጀመር። አንድ የሰፈራችን ልጅ በእግሩ ስልክ ወዳለበት ደርሶ «እናትሽ ደህና ናት» ብሎ እስኪደውልላት ድረስ የያዛት የእሳቸው ወንበር ነው።

እናቶች፣ አባቶች፣ አያቶች፣ እኛ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» እንላለን። እውነት ነው፤ ግን ሩቅ ያለው ዘመድ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ማለት አይደለም። ከዚህ ሆነን ልናደርገው የምንችለውን ከነርስነቴም ከእናትነቴም ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ የመደወያ ቀንና ሰዓት ይኑራችሁ። እኛ ቤት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው፤ የእነሱ ዕረፍት ቀን ስለሆነ። በዘፈቀደ የሚመጣ ስልክ ያስደነግጣል፤ ቀን የተቆረጠለት ስልክ ግን እንደ ሰንበቴ ማኅበር ይጠበቃል። መስመሩ ጠፍቶ ቢቀር እንኳ ማን ለማን እንደሚደውል አስቀድማችሁ ተስማሙ። የሁለት ጎረቤት ቁጥር ልጃችሁ ዘንድ፣ የእነሱ ጎረቤት ቁጥርም እናንተ ዘንድ በወረቀት ተጽፎ ይቀመጥ።

ሁለተኛ፣ የስልኩን ጊዜ በሙሉ በችግር አትሙሉት። በሽታችሁን አትደብቁ፣ ግን ምርቃቱንም አትርሱ። ሩቅ ያለ ልጅ ዋነኛ ፍርሃቱ «ትቻቸው ሄድኩ» የሚለው ነው። «ሥራሽን ቀጥይ፣ ባርኬሻለሁ» የሚለው ቃል የብዙ ሌሊት እንቅልፍ ይሰጣል።

ሦስተኛ፣ ጭንቀትን እወቁ። ልጃችሁ ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ካስጠላው፣ ቀድሞ ደስ ይለው የነበረው ነገር ሁሉ ደስ ካላሰኘው፣ መኖር አስጠላኝ የሚል ቃል ከወጣው፣ «አይዞህ፣ ጸልይ» ብላችሁ ብቻ አትለፉት። ጸሎቱም ይኑር፣ ሐኪም ዘንድም ይሂድ። ትዳር ጓደኛውንም አነጋግሩ። ባልና ሚስት ሰው አገር ሲኖሩ አንዱ ለሌላው እናትም አባትም ጓደኛም መሆን ስለሚጠበቅበት ሁለቱም ይደክማሉ። ከትዳራቸው ውጭ ሦስተኛ ሰው፣ ጎረቤትም ሆነ የሥራ ባልደረባ፣ እንዲይዙ አበረታቷቸው።

አራተኛ፣ የልጅ ልጅ ነገር። የእኔዋ አምስት ዓመት ሊሞላት ነው። በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር ሶማሊኛ ታወራለች፤ አማርኛዋ ግን ቀጭን ነበር። ብዙ አያቶች «ልጅቷ ሦስት ቋንቋ ተደራረበባትና ልትንተባተብ ነው» ብለው ይሰጋሉ። አትስጉ። ልጅ ሁለትና ሦስት ቋንቋ አብሮ መማሩ ንግግሩን አያበላሽም፤ አንዱን ከአንዱ ቢቀላቅልም ያልፋል። የሚጠፋው ቋንቋ የማይነገረው ነው። ስለዚህ ወላጆቿ፣ እንግሊዝኛ መምህራን ቢሆኑም፣ እቤት ሲገቡ አማርኛ እንዲያወሩ ተስማማን። እኔም ዓርብ ዓርብ አንድ ተረት በስልክ እነግራታለሁ። «ተረት ተረት» ስላት «የላም በረት» ትለኛለች። ስለ ጦጣና ስለ ጅብ ስትጠይቀኝ በአማርኛ ነው። ስለማትጠራው ቃል አልስቅባትም፤ የተሳቀበት ልጅ ሁለተኛ አይሞክርም።

የመጨረሻው ለእኛው ለቀረነው ነው። የሰው ልጅ እኛም ዘንድ አለ። ፈረንጁን ትቼ፣ ከጎጃም ከጎንደር ከሸዋ ተመድበው በላስታ ገጠር የሚያስተምሩትን ወጣቶች አስቡ። ከመኪና መንገድ ወርደው በእግር ገደል ወጥተው ገደል ወርደው የሚደርሱበት ትምህርት ቤት አለ። ደመወዛቸው ከወር ወር አያደርስም፤ በዓል ሲመጣ ለትራንስፖርት አጥተው በኪራይ ክፍላቸው የሚቀሩ አሉ። አንዳንዶቹ አዲስ የተጋቡ ባልና ሚስት ናቸው። ልጆቻችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርታቸውን የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ የዚያን ቋንቋ መሠረት የሚጥለው ይህ የክፍል ኪራይ የከበደው መምህር ነው። ሰው ያጣ መምህር ዝውውር ይጠይቃል፤ ቤተሰብ ያገኘ መምህር ግን አንድ ዓመት ይጨምራል። ያ አንድ ዓመት የልጅ ልጃችሁ ዓመት ነው።

እንግዲህ በሚመጣው በዓል አንድ ተጨማሪ ሳህን ይቅረብ። በሰፈራችሁ ያለውን መምህር በስሙ ጥሩት፤ እናቱ የት እንዳለች ጠይቁት፤ ቢፈቅድ ከማዕዳችሁ ሆናችሁ ደውሉላትና «ልጅሽ እኛ ዘንድ ነው፣ በልቷል» በሏት። ይህን ቃል የሰማች እናት ያን ሌሊት እንዴት እንደምትተኛ እኔ አውቀዋለሁ።