«የኦባማ ስልክ» በማን ገንዘብ ነው የሚደወለው?

«የኦባማ ስልክ» የሚባለውን ስልክ ኦባማ አልሰጡትም። እሱን አስቀድሜ ልበልና ወደ ነገሬ ልግባ።

የምኖረው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ነው። ሐበሻ በሚበዛባቸው በእኛ ሠፈሮች ይህ ስልክ ሲነሣ ሰው አንገቱን ይደፋል፤ «እኔ እኮ ለማኝ አይደለሁም» ይላል። ኧረ ለመሆኑ ማን ነው ለማኝ ያለህ?

የድጎማው ትክክለኛ ስም ላይፍላይን ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1985 ሲሆን ያኔ ዋይት ሐውስ የነበሩት ሬገን ናቸው። ሬገን ደግሞ ለድሃ በመራራት የሚታሙ ሰው አልነበሩም! ነገሩ እንዲህ ነው። ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው ግዙፍ የስልክ ኩባንያ በ1984 ሲከፋፈል፣ የቤት ስልክ ክፍያ ይንርና ድሃው ከመስመር ይወጣል ተብሎ ተሰጋ። ድጎማው የመጣው በዚህ ሰበብ ነው። በ2005 በቡሽ ዘመን የቅድመ ክፍያ ሞባይል ኩባንያዎችም እንዲገቡበት በሩ ተከፈተ። ስሙ ግን ኦባማ ላይ ተለጠፈ። የሕዝብን ገንዘብ በሰው ስም መጥራት ተቀባዩን የዚያ ሰው ባለዕዳ ማስመሰያ ነው፤ ይህቺን ዘዴ እኛም አገር አሳምረን እናውቃታለን።

ገንዘቡስ? ከፕሬዚዳንቱ ኪስ ይቅርና ከመንግሥት ግብርም አይወጣም። የስልክ ኩባንያዎች ዩኒቨርሳል ሰርቪስ ለተባለ ቋት ያዋጣሉ፤ ያዋጡትን ደግሞ ዞረው ከደንበኛው ይለቅሙታል። ፓርኪንግ የምትሠሩ፣ ታክሲ የምትነዱ፣ አዛውንት የምትጦሩ ወገኖቼ፣ የስልክ ቢላችሁን አውጡና እዩት። ከታች በደቃቅ ፊደል በቋቱ ስም የምትቆረጥ ሳንቲም ካለች፣ እሷ ናት። ታዲያ ሥራ ሲጠፋ ወይም ጉልበት ሲደክም ለመቀበል ምን ያሳፍራል? ዕድሜ ልኩን እድር ከፍሎ ሐዘን ሲደርስበት «ድንኳኑን አልፈልግም» የሚል ሰው አይታችኋል?

የሚያገኘው ገቢው ከፌዴራሉ የድህነት መለኪያ 135 በመቶ ያልበለጠ ሰው ነው። ፉድ ስታምፕ፣ ሜዲኬይድ ወይም ኤስ ኤስ አይ ያለውም ይገባዋል። ድጎማው ለአብዛኛው ሰው በወር እስከ 9 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። ብዙ የሞባይል ኩባንያዎች በዚያችው ስለሚሠሩ ባለመብቱ ከኪሱ አያወጣም። የልጅ ልጁን በቪዲዮ ማየት ለለመደ ሰው ዳታው ወር አያደርስም፤ ቢሆንም ሐኪም ለመደወል ይበቃል።

«አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ስለወሰደ ለኔ አይሰጡኝም» የሚሉም አሉ። ሕጉ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ይላል፤ እውነት ነው። ቤተሰብ የሚለው ግን ገቢና ወጪ የሚጋሩትን ነው። ኪራይ ለመቀነስ ሲሉ አንድ አፓርትመንት ውስጥ የታጨቁ፣ ኪስ ለኪስ የማይተዋወቁ አራት ወንደላጤዎች አራት ቤተሰብ ናቸው። ይህንኑ በቅጽ ሞልተው መፈረም ብቻ ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። አንዲት ጎረቤቴ የሆኑ እናት ታመው ሁለት ወር ከቤት ርቀው ሰነበቱ። ስልኩ ቤት ቀርቶ ነበር። ሲመለሱ ሞቶ ጠበቃቸው፤ ከሐኪም ቤት የሚደወልላቸው በዚያው ቁጥር ነበር፤ ቀጠሮውም አለፈ። ደንቡ እንዲህ ነው፦ በነፃ የተሰጠ መስመር 30 ቀን ካልተሠራበት ኩባንያው ያስጠነቅቃል፤ በ15 ቀን ውስጥ ካልተጠቀሙበት ይዘጋል። ማስጠንቀቂያው የት መጣ? እዚያው መሳቢያ ውስጥ በተኛው ስልክ ላይ፣ በእንግሊዝኛ! የዋሽንግተን ከተማ እንኳ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት ለአማርኛ ተናጋሪ በአማርኛ ያስተናግዳል፤ የፌዴራሉ ድጎማ ግን ለእኚህ እናት በማያነቡት ቋንቋ ጻፈላቸው።

ማጭበርበር እንዳይኖር ነው ይሉናል። ይሁን፣ ሌባ ይያዝ። ግን የታመመችን አሮጊት ከሌባ ለመለየት 45 ቀን ቆጥሮ መዝጋት ቁጥጥር አይባልም። በዚያ ላይ በየዓመቱ «አሁንም ድሃ ነኝ» ብሎ ማረጋገጥ አለ፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ካላገኘው ደብዳቤ ይመጣል፤ በ60 ቀን ካልተመለሰ መብቱ ይሰረዛል። ስንቱ ሐበሻ ነው ያንን ፖስታ ማስታወቂያ መስሎት የሚጥለው!

ደግሞ ይህም እንደ ሌላው እንዳይሄድ እሰጋለሁ። በ2022 ሥራ የጀመረው፣ ለኢንተርኔት በወር እስከ 30 ዶላር ይደጉም የነበረው መርሐ ግብር ከ23 ሚሊዮን በላይ ቤተሰብ ገብቶበት ነበር። ኮንግረሱ ገንዘብ አልጨምርም አለና በ2024 ሰኔ ወር መግቢያ ላይ ጠፋ። ላይፍላይን የሚኖርበት ቋትም ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ተብሎ ተከሶ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2025 ሰኔ 6 ለ3 ባይፈርድለት ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ ሟች ነበር።

አዲስ አበባ ሆናችሁ «እማዬ ስልክ አታነሣም» የምትሉ ልጆች፣ ምናልባት መስመሩ ተዘግቶባቸው ይሆናል። ለሚቀርባቸው ሰው ንገሩ፤ በወር አንዴ እንኳ ከዚያ ስልክ ይደውሉ፣ ወይም መልእክት ይላኩ። መልእክት መቀበል ብቻውን አይቆጠርም። ያንን ፖስታም ማንም እንዳይጥለው።