ጎመን በጤና

ባለፈው የትንሣኤ በዓል ሌሊት በቤታችን ጠብ ተነሣ። ጠበኞቹ እኔና እናቴ ነበርን፤ የጠቡም ምክንያት አንዲት ጉርሻ ናት። ሃምሳ አምስቱ የሁዳዴ ቀናት አልቀው፣ እናቴ ከተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን አስቀድሳ ተመልሳ፣ ሞሰቡን ከፍታ፣ ከዶሮው ወጥ ጠቅልላ እጇን ወደ አፌ ዘረጋች። እኔም «እማዬ፣ ይቅር በይኝ፤ እኔ ሽሮውን እበላለሁ» አልኋት። እጇ እንደ ተዘረጋ ቀረ።

«አሞሃል እንዴ?» አለችኝ። አላመመኝም አልኋት። «ታዲያ ምን በደልሁህ?» አለች። ምንም አልበደልሽኝም አልኋት። በመጨረሻ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሃይማኖትህን ለወጥህ?» ስትል ጠየቀችኝ። ነገሩ ከወጥ ማለፉ የገባኝ ይህን ጊዜ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ የቤቴን ገመና ወደዚህ መጽሔት ያመጣሁት እንድታዝንልኝ አይደለም። ሥጋውንም ወተቱንም፣ ቅቤውንም ዕንቁላሉንም ከተውሁ አንድ ዓመት አልፎኛል። በዚህ ዓመት ውስጥ ከሰፈሬ ሰዎችና ከትምህርት ጓደኞቼ አራት ስሞች አትርፌአለሁ፤ ፈረንጅ፣ በሽተኛ፣ ድኻና መናፍቅ። አራቱንም በየተራ ልመልስ እፈልጋለሁ። ምክንያቱም እነዚህ ስሞች ስለ እኔ ከሚናገሩት ይልቅ ስለ ማዕዳችን ያለንን አስተሳሰብ አብልጠው ይናገራሉ።

መጀመሪያ «ፈረንጅ» ለሚሉኝ። እውነት ነው፤ «ቬጋን» የሚለውን ቃል በ1944 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጡት እንግሊዛዊው ዶናልድ ዋትሰንና ጓደኞቹ ናቸው። «ቬጀቴሪያን» ከሚለው ቃል ራሱንና ጅራቱን ቆርጠው ቀጠሉት ይባላል። ይሁን እንጂ ቃሉ የእነርሱ ቢሆን ማዕዱ የእኛ ነው። ረቡዕና ዓርብን፣ ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ያለውን የነቢያት ጾም፣ ሦስቱን የነነዌ ቀናት፣ ሁዳዴን፣ የሐዋርያትን ጾም፣ የፍልሰታን ሁለት ሱባዔ አንድ ላይ ብንደምራቸው ምእመን የሚጾመው በዓመት ወደ 180 ቀን፣ ካህናትና መነኮሳት የሚጾሙት ደግሞ 250 ያህል ይደርሳል። በእነዚህ ቀናት ሁሉ እናቶቻችን ዝም ብለው አልተቀመጡም። ከባቄላ ስልጆና እልበት፣ ከምስርና ከስናፍጭ አዚፋ፣ ከሱፍ ፍትፍት አወጡ። ከሽምብራ ሊጥ ዓሣ ቀርጸው፣ ጠብሰው፣ በወጥ ውስጥ አዋኙት። ይህን ጥበብ ያወጣ ሕዝብ ያለ ሥጋ መብላትን ከባሕር ማዶ መማር አያስፈልገውም። ባሕር ማዶ ያሉት ናቸው በዋሽንግተንና በለንደን ባሉት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች በያይነቱን ፈልገው የሚሰለፉት።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ሳልለይ አላልፍም። ጾም የአመጋገብ ስልት አይደለም። ጾም ከምግብ መከልከል ብቻ ሳይሆን ጸሎትም ስግደትም ምጽዋትም ነው። ዝርዝሩም ቢሆን ከቬጋኖቹ ይለያል፤ ማር በጾም አይከለከልም፣ ስለ ዓሣም ሊቃውንቱ ጭምር ሲከራከሩ ኖረዋል። ስለዚህ ጾማችንን «የጥንት ቬጋንነት» ብሎ መሰየም ድፍረት ነው። እኔ የምለው ከጾሙ ጎን ለጎን ስላደገው የወጥ ቤት ሙያ ነው። ይህን ሙያ ግን ራሳችን አናከብረውም። በቅበላ ሰሞን የሥጋ ቤቶቹን በር ተመልከቱ፤ ነገ ሞት የታወጀ ይመስላል። ጾሙ ከገባ በኋላም የጾም ማኪያቶ፣ የጾም ዱለት፣ የጾም በርገር እያልን የተውነውን በስሙ እንጠራዋለን። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳም የተባለው ለእኛ ሳይሆን አይቀርም።

«በሽተኛ» ለሚሉኝ መልሴ ለስለስ ያለ ነው፤ እውነት ያዘለ ፍርሃት ስለሆነ። ዓመቱን ሙሉ ከእንስሳት የሚገኘውን ሁሉ የሚተው ሰው ቫይታሚን ቢ 12 የተባለውን ንጥረ ነገር ከሽሮም ከጎመንም በበቂ አያገኝም፤ በክኒን ወይም ይህ በተጨመረበት ምግብ መተካት አለበት። እጥረቱ ውሎ አድሮ ደምንና ነርቭን ይጎዳል። እኔም እወስዳለሁ፤ አላፍርበትም። ከዚህ የሚከብድ ነገርም አለ። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናታችን ከመቶ 37ቱ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው በታች ሆኖ ተገኝቷል። ለእነዚህ ሕፃናት ዕንቁላልና ወተት ቅንጦት አይደለም። ቤተ ክርስቲያንም ብትሆን ሕፃኑንና ሕመምተኛውን ጹም ብላ አታስገድድም። እንደዚሁም የቦረና፣ የአፋርና የሶማሌ አርብቶ አደር እህል በማይበቅልበት ምድር ከብቱንና ግመሉን አልቦ ይኖራል። ለልጇ አንድ ዕንቁላል ለመግዛት ሳንቲም የምትቆጥረውን እናት «ዕንቁላል ተዪ» የሚል ተማሪ፣ ሳይማር የተመረቀ ነው። ንግግሬ ከእኔ ጋር በአንድ አዳራሽ ለሚቀመጡት፣ መርጠው መብላት ለሚችሉት ነው።

ሦስተኛው ስም «ድኻ» ነው። ይህ ስም የበለጠ ያቆስለኛል፤ ምክንያቱም የሚሰድበው እኔን ሳይሆን ድኻውን ነው። «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» የሚለውን የመስከረም አባባል የማያውቅ የለም። የአገራችን ገበሬ ጎተራው ባዶ የሚሆነው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ በዚያ ጊዜ ጓሮ ውስጥ የሚገኘው ጎመን ብቻ ነበርና ጎመን የችጋር ጓደኛ ተብሎ ቀረ። «ጎመን በጤና» የምንለውም ቢሆን ጎመንን አመስግነን አይደለም። ሥጋ ቀርቶብን ራሳችንን ስናጽናና ወይም ከጣጣ ስንሸሽ የምንለው ነው። ምሳሌውን በአፋችን እንይዘዋለን፤ በዓል ሲደርስ ግን ጤናውን ሸጠን ሥጋውን እንገዛለን።

ይህን የምለው ከቤቴ ስላየሁት ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ እናቴ ከሰፈሩ ቅርጫ ቀርታ አታውቅም። የበሬው ዋጋ በየዓመቱ ይጨምራል፤ የእርሷ ገቢ ግን ባለበት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ለፋሲካ አንድ መደብ ለመግባት እቁቧን ቀድማ እንድታወጣ ለምና፣ ያልበቃውን ከዘመድ ተበድራ ሞላች። ሥጋው በሳምንት አለቀ። ዕዳው እስከ ሰኔ መጨረሻ አብሮን ቆየ፤ ለእኔ የመጻሕፍት መግዣ የታሰበውም እዚያው ገባ። «እማዬ፣ ቢቀርስ?» ብላት «ሰው ምን ይለናል? ቤታችን ጎመን ሲሸት ይዋል?» አለችኝ። አስተውሉ፤ እናቴ ሥጋ ያን ያህል አትወድም። የገዛችው ሥጋ ሳይሆን የሰው ዓይን ነው። ኢትዮጵያ በቀንድ ከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ ቁጥሩ ከ60 ሚሊዮን በላይ ነው። ሆኖም ብዙው ሕዝባችን ሥጋ የሚቀምሰው በበዓል ብቻ ነው። ከበዓል እስከ በዓል የሚያኖረንን ሽሮ አዋርደን፣ በዓመት ጥቂት ቀን የምናየውን የክብር መለኪያ ካደረግነው፣ አብዛኛውን ወገናችንን ዓመቱን ሙሉ ውርደት ላይ አስቀመጥነው ማለት አይደለምን? ሥጋ መተው በልቤ የተጀመረው ያን ዕዳ የከፈልን ዕለት ነው። የበጉን ጩኸት እየሰማሁ ማደግም አስተዋጽኦ አላደረገም አልልም።

አራተኛው፣ እናቴን ያስደነገጣት «መናፍቅ» የሚለው ነው። በአገራችን ሥጋ ምግብ ብቻ አይደለም፤ የሃይማኖት ምስክር ነው። ክርስቲያኑ የሙስሊሙን እርድ አይበላም፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን አይበላም። ሥጋ ቤቱም የክርስቲያን ወይም የሙስሊም መሆኑ ተለይቶ ይታወቃል። «የእነርሱን ሥጋ በላ» ከተባለ ሃይማኖቱን ለወጠ ማለት ነው። ታዲያ በፋሲካ ሌሊት ከእናቱ እጅ ሥጋ የማይቀበል ልጅ ምን ሊባል ኖሯል? ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ቋንቋችንም ቢሆን ለእኔ ስም የለውም። በፋሲካ ሳምንት ምግብ ቤት ገብቼ «የጾም አለ?» ብዬ ብጠይቅ አስተናጋጁ «ጾሙ እኮ ተፈታ!» ብሎ ሳቀብኝ። ሥጋና ቅቤ የሌለበትን ምግብ ከጾም ለይተን የምንጠራበት ቃል የለንም።

እናቴ የነፍስ አባታችንን ጠርታ ከሰሰችኝ። እርሳቸውም ነገሬን አዳምጠው ጥቂት አሰቡና «በበዓለ ኀምሳ ጾሜ ነው ብለህ ከሆነ ጥፋት ነው፤ ጾም የለም። ጎመን ስለሚሻልህ ከሆነ ግን ጎመን መብላት ኃጢአት አይደለም። ብቻ የሚበላውን አትናቅ» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ፍርድ ከየትም አልሰማሁም።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ በአንድ ግቢ የምንኖር ሙስሊም ጎረቤታችን እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ መጡ። ሰፈራችን ለመርካቶ ቅርብ ነው፤ የአንዋር መስጊድና የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን የቆሙበት አካባቢ ነው። እኒህ ሴት ልጅ ሳለሁ አዝለውኛል፤ አባቴ የሞተ ዕለት ከእናቴ ጋር አብረው አልቅሰዋል። ነገር ግን እስከማስታውሰው ድረስ በፋሲካ ቡና ጠጥተው፣ ድፎ ዳቦ ቀምሰው ይሄዱ ነበር፤ እኛም በዒድ እንደዚሁ። በሠርግም ጊዜ የክርስቲያንና የሙስሊም ተብሎ ሁለት ድስት፣ ሁለት ገበታ ይዘጋጃል። በዚያን ቀን እኔ ሽሮዬንና ጎመኔን ይዤ ስበላ አዩና «ይህንማ እኔም እበላለሁ» ብለው ከሞሰቡ አጠገብ ተቀመጡ። እናቴ ቆማ ታይ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እርሷም ቀረበችና በሽሮው አጎረሰቻቸው፤ አጎረሷት። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ጉርብትና ሁለቱ በፋሲካ ቀን ከአንድ ገበታ ሲበሉ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

እንግዲህ የምለው ይህ ነው። በዚህች አገር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ጾመኛውም የማይጾመውም ማን አረደው ሳይሉ አብረው ሊቀመጡበት የሚችሉት ማዕድ አለን፤ እርሱም የናቅነው ማዕድ ነው። እኛ የድኻ ብለን ስም አወጣንለት እንጂ የሁሉም ማዕድ ነው። ሰው ሁሉ ሥጋ ይተው አልልም፤ የነፍስ አባቴን ምክር አልረሳሁም። ማንም የሚበላውን ይብላ። ነገር ግን ያልበላውን «ምን ጎደለህ?» ብሎ ማሸማቀቅ ይቅር። የጎረቤትን ዓይን ፈርቶ መበደር ይቅር። ወዳጅነትንም እምቢ በተባለ ጉርሻ መለካት ይቅር።

ለተማሪው ማኅበርም አንድ ልመና አለኝ። በየዓመቱ ለተመራቂዎች በምናደርገው ግብዣ ሁለት ገበታ እየዘረጋን፣ አራት ዓመት በአንድ ወንበር የተማሩትን ጓደኛሞች በመጨረሻዋ ቀን ግራና ቀኝ እንለያያለን። ዘንድሮ በመሃል አንድ ሰፊ ገበታ ይዘርጋልን፤ ምስሩ፣ ሽሮው፣ አዚፋው፣ የሽምብራው ዓሣ በወጉ ተሠርቶ ይቅረብበት። ሥጋ የሚፈልግ በዳር ያገኘዋል። ያቺ ገበታ የጾመኞች ማረፊያ ሳትሆን ሁላችንም የምንገናኝባት ትሁን።

እናቴን በተመለከተ፣ አሁንም ዶሮ ትሠራለች፤ አሁንም «እስኪ መረቁን ብቻ» ትለኛለች። ነገር ግን ለገና የሽሮው ድስት ከወትሮው ከፍ ብሎ አየሁት። «ለእኔ ይህ ሁሉ?» ብላት «ለአንተ ማን አለህ? እንግዳ ይመጣል» አለችኝ።