«8 ጊጋ ገዝቼ 3 ሆነብኝ!»

የዛሬው ጥያቄ ከፍቅር ወጣ ብሎ ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቷል። ታዲያ «ይሄ እኔን አይመለከተኝም» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት፤ ገንዘብም ጓደኝነትም አለበት። ደብዳቤው የመጣው ከሐረር፣ ከድሬ ጠያራ ነው። አሳጥሬ ላስነብባችሁ።

«ዕድሜዬ 24 ነው። የጽሕፈት ሥራና የሠርግ ቪዲዮ ቅንብር እሠራለሁ። ኮምፒዩተሬ አሮጌ ስለሆነ ቪዲዮ ስከፍትበት ድርቅ ይላል። ዕቁብ ሲደርሰኝ፣ ሐረር ከተማ ሱቅ ካለው አብሮ አደጌ ሁለት ባለ 4 ጊጋ ራም ገዛሁ። እሱው ገጠመልኝ። ቤቴ ወስጄ ሳየው ግን የሚሠራው 3.25 ጊጋ ብቻ ነው ይላል። ተመልሼ ሄጄ ደንበኞቹ ፊት ‹ሌባ› አልኩት። ‹የሸጥኩልህ ደህና ዕቃ ነው› ከማለት ሌላ ምንም አልመለሰልኝም። አሁን ሰላምታ እንኳ የለንም። ብሬን እንዴት ላስመልስ? ልክሰሰው ወይ?»

ወንድሜ፣ ኧረ ክሱን ለጊዜው ተወው! ደብዳቤህ ላይ የጻፍከው 3.25 የሚለው ቁጥር ለአንተ ሳይሆን ለጓደኛህ የሚመሰክር ይመስለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተርህ ላይ የተጫነው ዊንዶውስ ባለ 32 ቢት ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ ያለው ዊንዶውስ ለራም መስጠት የሚችለው አድራሻ 4,294,967,296 ብቻ ነው። ይህ ማለት 4 ጊጋ ነው። አንድ ቀበሌ የቤት ቁጥሩ አለቀበት እንበል። ከዚያ በኋላ የተሠራው ቤት አለ፤ ግን ቁጥር ስለሌለው መልእክተኛ አያገኘውም። ያንተም ትርፍ ራም እንደዚያ ነው። ከ4ቱም ላይ የስክሪን ካርዱና ሌሎች ክፍሎች የአድራሻ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ለዚህ ነው ከ3 እስከ 3.5 ጊጋ የሚቀርልህ።

እስቲ አሁኑኑ አረጋግጥ። «ኮምፒዩተር» የሚለው ምልክት ላይ በቀኝ ክሊክ አድርገህ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ ግባ። የራሙን ጠቅላላ መጠን አንብብ፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ 32 ቢት ወይም 64 ቢት የሚል ታገኛለህ።

ጠቅላላው 8 ብሎ፣ የሚሠራው 3.25 ነው ካለህና ከሥር 32 ቢት ካለ፣ ጓደኛህ ንጹሕ ነው። ራሙ አለ፤ ያላወቀው ዊንዶውሱ ነው።

ጠቅላላው ራሱ 4 ብቻ ካለ ግን አንዱ ራም አልታየም። ኮምፒዩተሩን አጥፋ፣ ሶኬቱን ንቀል፣ የካሳውን ብረት በእጅህ ነክተህ የሰውነትህን ኤሌክትሪክ አስወጣ። ራሞቹን አውጥተህ ወርቃማውን ጥርስ በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብለህ ጥረግ፤ ፍርፋሪውንም አራግፍ። ከዚያ ጫፍና ጫፍ ያሉት መያዣዎች ቀጭ እስኪሉ ድረስ መልሰህ ግጠም። አሁንም ካልታየ አንድ በአንድ፣ በተመሳሳይ ቀዳዳ ላይ ሞክራቸው። አንዱ በየትኛውም ቀዳዳ እንቢ ካለ ራሙ ሳይበላሽ አልቀረም። ሁለቱም በአንዱ ቀዳዳ ሠርተው በሌላው እንቢ ካሉ ግን ችግሩ ከማዘርቦርዱ ነው። ማዘርቦርድም ልክ አለው፤ ለምሳሌ የኢንቴል ጂ31 ቺፕሴት ያለው ከ4 ጊጋ አያልፍም፣ ጂ41 ያለው ደግሞ 8 ላይ ያበቃል።

64 ቢት ሆኖም ካነሰብህ፣ «ኤምኤስኮንፊግ» ውስጥ ግባና «ቡት» ከሚለው «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ክፈት። «ማክሲመም ሚሞሪ» ላይ የራይት ምልክት ካለ አንሣው። የዊንዶውሱም ዓይነት ይወስናል፤ ዊንዶውስ 7 ስታርተር ከ2 ጊጋ በላይ አይቀበልም።

መድኃኒቱ ምንድን ነው? ፕሮሰሰርህ የሚችል ከሆነ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ መጫን ነው። ግን ወንድሜ፣ እዚህ ላይ እንዳትቸኩል! ከ32 ወደ 64 የሚኬደው እንደገና ከባዶ በመጫን ነው። የሰው ሠርግ ያለበትን ፋይል ሁሉ በመጀመሪያ ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጥ፤ ገልብጠህም ከፍተህ እየው። ሙሽሮች ሁለተኛ አይዳሩልህም! ለጽሕፈት የምትጠቀምባቸውን የአማርኛ ፎንቶችም አብረህ አስቀምጥ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዩኒኮድ ውጪ በሆኑት የድሮ ፎንቶች የተተየበ ደብዳቤ ፎንቱ ከሌለ ፊደሉ ተተራምሶ ነው የሚወጣው። እጅግ የቆዩ፣ ባለ 16 ቢት ፕሮግራሞችም በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይሠሩም።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልምጣ። የነጋዴ ሀብቱ ስሙ ነው። ሐረርን የመሰለ ሰው ለሰው የሚተዋወቅበት ከተማ ውስጥ ደግሞ «ሌባ» የሚል ቃል ከባለቤቱ ቀድሞ ሰፈር ይደርሳል። ጓደኛህ ጥፋት የለውም አልልም፤ ከመሸጡ በፊት «ዊንዶውስህ ስንት ቢት ነው?» ብሎ ሊጠይቅህ ይገባ ነበር። ግን አለመጠየቅ ሌላ፣ መስረቅ ሌላ! ምርመራው እኔ እንዳልኩት ከወጣ፣ ስድቡ በደንበኞቹ ፊት እንደነበረ ሁሉ ይቅርታውም በደንበኞቹ ፊት ይሁን። በስልክ ወይም በጓዳ ያለቀ ይቅርታ የጎደፈ ስሙን አይመልስለትም። መሄዱ ከከበደህ ሁለታችሁም የምታከብሩትን አንድ ታላቅ ሰው ይዘህ ግባ። ዊንዶውሱንም እሱው እንዲጭንልህ ጠይቀው፤ የሥራውን ግን ክፈለው። ራሙ በእርግጥ ተበላሽቶ ካገኘኸውም ያለ ስድብ ወስደህ «ቀይርልኝ» በለው፤ መብትህ ነው።

ሌሎቻችሁም ራም ልትገዙ ብራችሁን ከመቁጠራችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ዊንዶውሴ ስንት ቢት ነው? ማዘርቦርዴ እስከ ስንት ጊጋ ይቀበላል? የሚገባበት ዲዲአር 2 ነው፣ 3 ነው ወይስ 4? አንዱ በሌላው ቀዳዳ አይገባምና። መልሱን ይዛችሁ ሱቅ ግቡ፤ ብራችሁም ጓደኛችሁም ይተርፋሉ።