መቁረጫው በማን እጅ ይሁን?

በትልቁ ባለሦስት እግር ካሜራ ከሚሠሩ ፎቶግራፍ አንሺዎች መካከል ከጥቅል ፊልም በእጅ የተቆረጠውን ዝርግ ፊልም በንቀት የሚመለከቱ አሉ። በፋብሪካ ሣጥን ታሽጎ ያልመጣ ፊልም ለእነርሱ የጉስቁልና ምልክት ነው። ይህ አመለካከት ፈጽሞ መሠረተ ቢስ ነው። የፋብሪካው ዝርግ ፊልም ራሱ ከጥቅል የተቆረጠ ነውና! ብርሃን ተቀባዩ ቅብ የሚቀባው ከአንድ ሜትር በላይ ስፋት ባለው ረጅም ጥቅል ላይ ሲሆን፣ በልክ የሚከረከመው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ ክርክሩ መቁረጫው በማን እጅ ይሁን የሚል ብቻ ነው።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ኮዳክን የሚያህል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጥር 2012 የኪሳራ ሕግ ጥበቃ ጠይቋል። የዝርግ ፊልም ዓይነትና ልክ እየጠበበ ሲሄድ፣ ካሜራው ምንም ሳይጎድለው የሳሎን ጌጥ ይሆናል። በአንጻሩ የአየር ካርታ ሥራ እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ወደ ዲጂታል በመዞሩ፣ 24 ሴንቲሜትር ስፋት ያላቸው የአየር ፊልም ጥቅሎች ለሌላ አገልግሎት ተርፈዋል። ከዚህ ጥቅል 9 በ12 የሚባለው ልክ ያለ ብክነት ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል።

ተቺዎቹ «ፊልሙ ቀጭን ነው» ይላሉ። እውነት ነው፤ የአየር ፊልም መደብ 0.1 ሚሊሜትር፣ የዝርጉ ደግሞ 0.18 ገደማ ነው። ነገር ግን ሌንሱ እስከ ቁጥር 22 በጠበበ ጊዜ የ0.08 ሚሊሜትር ልዩነት ከምስሉ ጥራት ምን ይቀንሳል? ዋናው ችግር ሌላ ነው። ፊልሙ የጥቅልነት ጠባዩን ስለማይረሳ፣ ካሜራው ወደ ታች ባዘነበለ ቁጥር በመያዣው ውስጥ ሆዱ ይነፋል። ቀደም ብሎ ቆርጦ፣ ብርሃን በማያስገባ ሣጥን፣ በክብደት ሥር ለቀናት ማሳደር ይረዳል። ይህን ተቺዎቹ አያነሡም፤ ቆርጠው አያውቁምና።

በጨለማ ክፍል ስለት ለተማሪ አይሰጥም የሚሉ መምህራንም አሉ። ፊልሙ ቀይ መብራትን እንኳ ስለማይታገሥ ሥራው በድቅድቅ ጨለማ መሆኑ የታወቀ ነው። ሆኖም ስለቱ የተሸፈነ ተሽከርካሪ የወረቀት መቁረጫ፣ በልኩ የተቸነከረ የእንጨት መግቻ፣ አስቀድሞም በተበላሸ ፊልም ዓይንን ጨፍኖ መለማመድ አደጋውን ይቀንሳሉ። የፋብሪካው ፊልም ቅቡ ወደ ሠሪው ሲዞር በላይኛው ቀኝ ማዕዘን ጥርስ አለው፤ በእጅ የተቆረጠውም ገና ሳይደረደር ያው ማዕዘን በመቀስ ይነካ። የተረሳ እንደሆነ ጠርዙን በእርጥብ ከንፈር መንካት ነው፤ የሚጣበቀው ወገን ቅቡ ያለበት ነው።