ባሕር እንደ እርሻ

ከታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ከተፈረመ በኋላ ማለቴ ነው፣ አጅባር ጠላ ቤት ሳይቀር የወደብ ተንታኝ ሞልቷል። ሲያወሩ ብትሰሟቸው ቀይ ባሕር ከአያታቸው የተቀሙት የእርሻ ማሳ ይመስላችኋል፤ ወሰኑ እዚህ፣ ድንበሩ እዚያ። የባለቤትነቱን ክርክር ለሕግ ዐዋቂዎች ልተወው። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ለመሆኑ ባሕር ላይ እንዴት ይኬዳል?

እዚህ ላይ ጸጥ! ባሕር በቀን ሁለቴ ሞልቶ ሁለቴ ይጎድላል፤ ጨረቃ እየሳበችው። ዐረቦቹ መድና ጀዝር ይሉታል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን በአማርኛ ምን እንበለው ብላቸው የሚመጣልኝ መልስ «ማዕበል» ነበር። ማዕበልማ ነፋስ የሚቀሰቅሰው ነው። ምጽዋ ላይ የሙላቱና የጉድለቱ ልዩነት አንድ ሜትር ቢሆን ነው፤ «ታዲያ ምን አላት?» ትሉ ይሆናል። ጥልቁ ላይ ምንም። ደለል በበዛበት ዳርቻ ግን አንድ ሜትር ማለት ጀልባዋ ትንሳፈፍ ወይስ ጭቃ ላይ ትቀመጥ ማለት ነው።

ከምጽዋ በሳምቡክ ወደ አዱሊስ የሚወርድ ሰው የጌዴምን ተራራ በቀኙ ትቶ ወደ ዙላ ባሕረ ሰላጤ ይገባል። መንገዱ ጥንታዊ ነው። ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው የተቃረበው የግሪክኛው የባሕር ጉዞ መመሪያ፣ ፔሪፕሉስ፣ ከግብፅ ወደ አዱሊስ ለመነሣት የሚመቸው ወር መስከረም ነው ይላል። መርከቦች ቀድሞ የሚያርፉባት ደሴት ከየብስ በእግር ስለምትደረስ የአገሩ ሰው እየወረረ አስቸገረ፤ ስለዚህ ራቅ ወዳለችው ተዛወሩ ይላል። አያችሁ? ወሩን፣ ርቀቱን፣ ማረፊያውን ይነግራል እንጂ አይፎክርም።

አዱሊስ ለአጅባር ሰው ሩቅ ነው እንዳትሉኝ። እዚሁ ጎረቤታችን መቅደላን ያፈረሰው ጦር የገባው በዚያው ባሕረ ሰላጤ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ በሰው ጉልበት በሚያስጎትቱበት ሰሞን፣ እንግሊዞች ዙላ ላይ ውኃው ለመርከብ አልጠልቅ ቢላቸው ረጃጅም መራገፊያ ወደ ባሕሩ ገፍተው ይሠሩ ነበር። የሚጠጡትን ውኃ ከባሕሩ አጣሩ፤ ሐዲድ ዘረጉ፤ 44 ዝሆን ከሕንድ አወረዱ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ንጉሡን አልወቅስም፤ ምጽዋ በግብፅ እጅ ነበረች። የምወቅሰው እኛን ነው፤ የሽጉጧን ነገር ስንት ጊዜ ተርከን፣ ስለ ዙላ ግን አንድ ምሽት እንኳ አላወራንም።

«መጀመሪያ ይያዝ፣ ሙያው በኋላ ይለመዳል» ይሉኛል። በኋላ? የወሎ ልጅ እኮ ዛሬ ባሕሩ ላይ ነው! በእግሩ አፋርን አቋርጦ፣ ኦቦክ ደርሶ፣ ከመጠን በላይ በታጨቀች ጀልባ ወደ የመን ይሻገራል። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ጅቡቲ ጠረፍ፣ ጎዶሪያ አጠገብ፣ ኢትዮጵያውያን የጫነች ጀልባ ተገልብጣ ስንቱ አለቀ። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ደግሞ አሻጋሪዎች ከየመን ያመጧቸውን ስደተኞች ኦቦክ አጠገብ ገና ባሕሩ ላይ ሳሉ «ውረዱና ዋኙ» አሏቸው፤ ከ45 የማያንሱ ሞቱ። ጠላ ቤቱ ያን ሰሞንም ስለ አሰብ ይከራከር ነበር።

ደጋ ላይ ያደገ ልጅ ዋና የት ይማራል? ትምህርት ቤቱ የቀይ ባሕርን ካርታ አስቀልሞታል። ከጀልባዋ ሆኖ ሲያየው ዳርቻው ቅርብ ይመስላል፤ ባሕሩ ሲጎድል ግን ውኃው ሰውን ወደ ውጭ እንደሚጎትት ከመካከላችን የነገረው አለ?